የኬሚስትሪ ተመራቂዎች የማጠቃለያ ኮርስ፦ አንድ ከረጢት ጨው ሴሚስተር ይሞላል ወይ?

የቦርከና መምህር (ሰኔ 3)

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ አናሊቲካል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ለመጪው ዓመት ተመራቂዎች የማጠቃለያውን ኮርስ እንደ አዲስ እንድቀርጽ ትምህርት ክፍሉ ሥራውን ለእኔ ሰጥቶኛል። የነበረውን አሠራር ታውቁታላችሁ። አምስት ተማሪዎች ተሰባስበው ርዕስ ያወጣሉ፤ አማካሪ ይመደብላቸዋል፤ ግንቦት ላይ ስልሳ ገጽ ታትሞ ይጠረዛል፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ገለጻ ተደርጎ ፎቶግራፍ ይነሣል። ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ከዚያ የሚያወርደው የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂ ነው፤ ሊገለብጠው።

ይህን ለመለወጥ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቡድን ከደሴ ሱቆች ዘጠኝ የጨው ናሙና ሰብስቦ የአዮዲን መጠናቸውን ለካ። ዘጠኙም በኪሎ ግራም ከ58 እስከ 70 ሚሊ ግራም አሳዩ። ለቤት ጨው በቂ የሚባለው 15 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ነውና፣ ልጆቹ «የከተማው ጨው በቂ አዮዲን አለው» ብለው ደመደሙ። እኔም ፈረምኩ፤ ጥሩ ነጥብም ሰጠሁ። ክረምት ላይ መደርደሪያ ስናጸዳ ለልኬቱ የተጠቀሙበት የፖታሲየም አዮዳይድ ሙሙት (ሶሉሽን) ከነጠርሙሱ ተገኘ። መልኩ ቢጫ ነበር። ኬሚስትሪ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፤ አዮዳይድ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ራሱ ወደ አዮዲን ይለወጣል። ጨው የሚባል ነገር ሳልጨምርበት በዚያው በተማሪዎቹ አሠራር ለካሁት። ባዶው ብቻውን 5 ሚሊ ሊትር ታዮሰልፌት (የአዮዲኑን መጠን የምንለካበት ሙሙት) ወሰደ። በእነሱ ስሌት ይህ በኪሎ ግራም 53 ሚሊ ግራም አዮዲን ማለት ነው። ልጆቹ በሠሩበት ወር ጠርሙሱ ምን ያህል ቢጫ እንደ ነበር ዛሬ ማወቅ አይቻልም፤ ግን ያ ሁሉ ቁጥር የጨው ይሁን የጠርሙስ ማን ይለየው? በስልሳ ገጽ ውስጥ ባዶ ልኬት የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። አልጠየቅኋቸውማ!

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ትልልቅ ርዕስ ይቅር። እያንዳንዱ ቡድን ከሦስት ሰው አይበልጥ። ከአካባቢው አንዲት ጠባብ ጥያቄ ያንሣ፤ በእጃችን ባለው ዕቃ የምትመለስ ትሁን። ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሚጠበቅበት አንድ ቁጥር ይዞ መቅረብና ለዚያ ቁጥር መከራከር ነው። የገበያ ናሙና ከመንካቱ በፊት ደግሞ መጠኑ ለእኛ ብቻ የሚታወቅ የታሸገ ናሙና ተሰጥቶት በትክክል መለካት አለበት። ያን ካላለፈ ገበያ አይወጣም። ለመጀመሪያው ዓመት የማስበው ያንኑ ጨው ነው። ምን ትላላችሁ?

ጭጋግ (ሰኔ 3)

መምህር፣ ቅንነትዎን አከብራለሁ፤ እኔም ኦርጋኒክ የማስተምር የሙያ ባልደረባዎ ነኝ። ግን ሁለት ነገር ልጠይቅ።

አንደኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ዲግሪውን የሚይዘው የመውጫ ፈተና ሲያልፍ ነው። ከመቶ ሃምሳ ያላመጣ አራት ዓመት ተምሮ ባዶ እጁን ይሄዳል። በመጨረሻው ሴሚስተር ተማሪዎቼን የማያቸው የአንደኛ ዓመት ማስታወሻቸውን እንደ ዳዊት ሲደግሙ ነው። እርስዎ ደግሞ ሌላ ሸክም ሊጨምሩባቸው ነው፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆን።

ሁለተኛ፣ የጨው አዮዲን የሚለካበት ታይትሬሽን (መጠኑ የታወቀ ሙሙት ለውጡ እስኪያልቅ ጠብ እያደረጉ መለካት) የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነው። አራት ዓመት ኳንተም፣ ስፔክትሮስኮፒ፣ ሲንተሲስ ተምሮ መመረቂያው ቡሬት (ባለ ምልክት የመስታወት ቱቦ) ላይ ጠብታ መቁጠር ከሆነ፣ ወላጅ ቢሰማ ምን ይላል?

ከኮምቦልቻ ጥራት ቁጥጥር (ሰኔ 4)

ወላጅ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ቀጣሪ ምን እንደሚል ግን ልንገራችሁ።

እኔ የተመረቅሁት «ከሽፈራው ቅጠል የብር ናኖ ቅንጣቶችን በአረንጓዴ ዘዴ ማዘጋጀት» በሚል ርዕስ ነው። ሽፈራውን የምጠላ አይምሰላችሁ፣ ግን በዚያ ዓመት ብቻ ከእኛ ክፍል ሦስት ቡድን ሽፈራው ቀቅሏል። የሠራነው ይህ ነው፤ ቅጠሉን አፈላን፣ ብር ናይትሬት ጨመርን፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሲለወጥ «ተሳክቷል» አልን። ናሙናውን ለኤክስሬይ ምርመራ አዲስ አበባ ላክነው፤ እሱም በዚያው ቀረ። ሪፖርቱ ላይ ያለው ሥዕል ከሌላ ሰው ጽሑፍ የተወሰደ ነው። ለዚያ ሥራ ከፍተኛ ነጥብ አግኝቻለሁ።

ፋብሪካ በገባሁ በሁለተኛው ቀን የክፍሉ ኃላፊ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ «ልጄ፣ ይህን የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት መጠነ ሙሌት (ኮንሰንትሬሽን) አረጋግጪልኝ» አሉኝ። በጠርሙሱ ላይ 0.1 ተብሎ ስለ ተጻፈ 0.1 ነው አልኳቸው። ሳቁ፤ ግን አልቆጡም። «ጠርሙሱ ላይ የጻፈው ማን ነው? መቼ? ሃይድሮክሳይድ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚጠጣ አልተማርሽም?» አሉኝ። ተምሬ ነበር። ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ከፊቴ ባለው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ያው ነገር መሆኑን ግን አላወቅሁም።

ያን ሳምንት የተማርኩት ሌላው ነገር ደብተር ነው። ገጹ በቁጥር የተመዘገበ፣ በቀለም የሚጻፍ፣ የተሳሳተው በአንድ መስመር ተሰርዞ እንዲነበብ የሚተው ደብተር። እኛ ዩኒቨርሲቲ እያለን ልኬት የምንጽፈው በቁራሽ ወረቀት ወይም በመዳፋችን ላይ ነበር፤ «ያልጣመውን» ቁጥር ጥለን የጣመውን እንገለብጣለን። መምህር፣ ከጨውም ከሁሉም በፊት ደብተሩን ይጀምሩላቸው።

የቦርከና መምህር (ሰኔ 4)

እህቴ፣ ያለሽው ሁሉ ገብቶኛል። ደብተሩ ከነጥቡ ትልቁን ድርሻ እንዲይዝ አደርጋለሁ።

ወደ መምህር ጭጋግ ልመለስ፤ የሁለተኛ ደረጃ ሥራ ነው ያሉትን ግን አልቀበልም። ጥቂት አብረን እናስላ። በጨው ውስጥ የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት ነው። አሲድና ትርፍ አዮዳይድ ሲያገኝ አንዱ አዮዴት ሦስት የአዮዲን ሞለኪውል ይሰጣል፤ እነዚያን ለመመለስ ስድስት ታዮሰልፌት ያስፈልጋል። 10 ግራም ጨው ወስደን በ0.005 ሞላር ታዮሰልፌት ብንለካ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር በኪሎ ግራም 10.58 ሚሊ ግራም አዮዲን ይሆናል። መልካም። እንግዲህ ያቺ ወሳኝ 15 ሚሊ ግራም ስንት ሚሊ ሊትር ናት? 1.4 ብቻ። በ50 ሚሊ ሊትር ቡሬት 1.4 ሚሊ ሊትር ማንበብ ማለት አንዲት ጠብታ ወደዚህ ወይም ወደዚያ ስትል ፍርዱ ይለወጣል ማለት ነው። የ0.05 ሚሊ ሊትር የንባብ ስሕተት ብቻዋን ከ3 በመቶ ትበልጣለች፤ ያውም ባዶው፣ ሚዛኑና የታዮሰልፌቱ መጠን ሳይቆጠሩ።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እዚህ ላይ መልሱን ጽፎ ይሄዳል። ከተመራቂ የምፈልገው ቆም ብሎ «ይህ ቡሬት ይህን ጥያቄ መመለስ አይችልም» እንዲል ነው። ከዚያ ጨውን ወደ 50 ግራም ያሳድጋል፤ ንባቡ 7.1 ይሆናል፤ ስሕተቱ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። ወይም ታዮሰልፌቱን ያቀጥናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የመጨረሻው ቀለም ይደበዝዝበታል። ምርጫው የእሱ ነው፤ ለምን እንደ መረጠ ግን ይጠየቃል። አዮዲን ሲያገኝ ሰማያዊ የሚሆነው ስታርች ለምን መጀመሪያ ሳይሆን ሙሙቱ ገርጣ ያለ ቢጫ ሲሆን እንደሚጨመር፣ ጠርሙሱ ለምን አሥር ደቂቃ ጨለማ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ አዮዳይድ እያለ ለምን አዮዴት እንደ ተመረጠ (በሞቃትና እርጥብ ቦታ፣ ባልተጣራ ጨው ውስጥ የተሻለ ስለሚቆይ ነው) ይጠየቃል። ኢኦርጋኒኩም፣ ፊዚካሉም፣ ስታቲስቲክሱም እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ነው። እንቅርትን ካነሡ ዘንድ ባዮኬሚስትሪውም አለ፤ የታይሮይድ ዕጢ ከአዮዲን ውጭ ሥራውን አይሠራምና።

ስለ መውጫ ፈተናው ያሉት እውነት ነው፤ መልስ አላገኘሁለትም። አስቡበት።

ቁልፍ ያዥ (ሰኔ 5)

መምህር፣ ማን እንደ ሆኑ ከቢጫው ጠርሙስ አወቅሁዎት። ጠርሙሱን ያወረድኩትም እኔ ነኝ፤ የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን።

ጥፋቱን ብቻዎን አይሸከሙት። ቡናማ ጠርሙሶቻችን በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ በደረሰ ጊዜ ከብዙው ዕቃ ጋር ሄደዋል። ተመልሰን በሩን ስንከፍት የቀረው መስታወት ነጩ ነበር፤ አዮዳይዱን በእሱ አስቀመጥነው። የተዘጋጀበትን ቀን አልጻፍኩበትም። ጥቁር ላስቲክ ልጠቀልልበትም እችል ነበር፤ አላደረግሁትም።

የታሸገውን ናሙና ግን ለእኔ ይተዉት። አዮዲን የሌለውን ጨው አደርቅና የተመዘነ አዮዴት ቀላቅዬ ስድስት ዓይነት እሽግ አዘጋጃለሁ። ከስድስቱ አንዱ ባዶ ይሆናል፤ ምንም አዮዴት የሌለው። ቁጥሮቹን በፖስታ አሽጌ መሳቢያ ውስጥ እቆልፍባቸዋለሁ፤ ለእርስዎም አልናገርም። ባዶውን እሽግ 40 ነው ብሎ የመጣ ቡድን ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል።

ሌላ ነገር ልጨምር፤ ከዚህ ጋር ይሄዳል ብዬ ነው። በየዓመቱ ኤታኖል ያጣራሉ። በየዓመቱ ሪፖርቱ ላይ የመፍላት ነጥቡ 78 ዲግሪ ተብሎ ይጻፋል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት 560 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። እዚህ ንጹሕ ኤታኖል የሚፈላው በ71 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ውሃውም 92 ሳይሞላው ይንተከተካል። ቴርሞሜትሩን ከሥራቸው ሆኜ አያለሁ፤ 71 ያሳያል። ልጁ ያየዋል፤ መጽሐፉን ይገልጣል፤ 78 ብሎ ይጽፋል። ቴርሞሜትሩ የተበላሸ ይመስለዋል። በሃያ ምናምን ዓመት ሥራዬ 71 ብሎ ጽፎ «ለምን?» ያለኝ ተማሪ በጣት ይቆጠራል። አንዷ ዛሬ የዶክትሬት ተማሪ ናት።

ሩቅ ሀገር (ሰኔ 5)

ጋሼ ቁልፍ ያዥ፣ አንዷ እኔ ነኝ መሰለኝ! «ቦታሽን ጠይቂው» ያሉኝን አልረሳሁም።

በእኛ ቤተ ሙከራ ያለው መሣሪያ ቢወራ ምቀኝነት እንዳይሆንብኝ እተወዋለሁ። ከዚህ የማመጣው አንድ ጠቃሚ ነገር ይህ ነው፤ የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር የቅድመ ምረቃ ምርምር ለዕውቅናው እንዲቆጠር ከፈለጋችሁ ተማሪው ሰፋ ያለ የጽሑፍ ሪፖርት እንዲያቀርብ ይጠይቃል፤ ሪፖርቱ ግን በአንድ ጊዜ ተጽፎ አያልቅም። የአስተማሪ አስተያየት ተሰጥቶበት ይመለሳል፤ እንደገና ይጻፋል። እኛ ጋ ግንቦት መጨረሻ ተጠርዞ ከመጣ በኋላ ምን አስተያየት ይሰጣል? የዘዴው ክፍል በሦስተኛው ሳምንት ይጻፍ፤ ሌላ ቡድን እሱን ብቻ አንብቦ ሙከራውን ይድገመው። መድገም ካልቻለ አልተጻፈም ማለት ነው።

ለሁለተኛ ዓመት ደግሞ የሐይቅ ከተማን ሐይቅ አስቡ። እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ በጀልባ ወጥቶ ከተለያየ ጥልቀት ውሃ ቀድቶ የተሟሟ ኦክስጅን መለካት። የዊንክለር ዘዴ ነው፤ ያው ታዮሰልፌት፣ ያው ስታርች። ናሙናው እዚያው ጀልባው ላይ በማንጋኒዝ ሰልፌትና በአልካላይን አዮዳይድ መታሰር አለበት፤ ደሴ እስኪደርስ ከቆየ ቁጥሩ የመንገዱ ነው። የሐይቁ ወለል 1,900 ሜትር ላይ ስለሆነ በ20 ዲግሪ ሙቀት ከአየር ጋር የተመጣጠነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 7.2 ሚሊ ግራም ገደማ እንጂ መጽሐፉ የሚለውን 9.1 አይደለም። የጋሼ ቴርሞሜትር እዚህም አለ።

ደላንታ (ሰኔ 6)

እኔ ወገል ጤና የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ታይትሬሽኑን አድርጉ፤ ግን እኛን አትርሱን። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ይህ ወረዳ የኦፓል ወረዳ ሆኗል። የተማሪዎቼ አባቶችና ወንድሞች ገደል ላይ ተንጠልጥለው ይቆፍሩታል። ኦፓል ምንድን ነው? ሲሊካና ውሃ። የእኛው ዓይነት ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ ብርጭቆ ውስጥ ስትጥሉት የቀለሙ ጨዋታ ይጠፋና ጥርት ብሎ ያሳያል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህን ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል። ገዥው ደግሞ በዚሁ ጠባዩ ይጠራጠራል፤ ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ቀለምም ይጠጣልና ተነክሮ የተሸጠ አለ።

ለፊዚካል ኬሚስትሪ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? የሚያስፈልገው አራት አሐዝ የሚያነብ ሚዛን፣ ሰዓትና ብርጭቆ ነው። ድንጋዩን መዝኑ፣ ውሃ ውስጥ ክተቱ፣ በየደቂቃው አውጥታችሁ ጠርጋችሁ መዝኑ። የጨመረውን ክብደት በጊዜው ስኩዌር ሩት ላይ አስቀምጡት። መጀመሪያ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ካገኛችሁ ውሃው በስርጸት (ዲፊውዥን) እየገባ ነው። በደንብ ጠርጎ መመዘን በራሱ ጥበብ ነው፤ እኔ ሞክሬው ሁለት ሰው በተመሳሳይ ድንጋይ የተለያየ ቁጥር አመጣ።

የቦርከና መምህር (ሰኔ 6)

የደላንታው መምህር፣ ይህን በደስታ እወስዳለሁ። አንድ ቡድን በኦፓል ይሠራል። ፍርፋሪውን ብቻ እንግዛ፤ ጠቅላላ ውሃውን ለማወቅ ማሞቅ ስለሚያስፈልግ ድንጋዩ ይሰነጣጠቃል፤ የሰው እንጀራ ምድጃ ውስጥ አንከትም። «ጠርጎ መመዘን» ያሉት ደግሞ የኮርሱ ልብ ነው። ሁለቱ ሰዎች ለምን እንደ ተለያዩ የሚያስረዳ ቡድን ከእኔ ሙሉ ነጥብ አለው፤ መስመሩ ቀጥ ባይልም።

አረንጓዴ ወንዝ (ሰኔ 6)

ጨውና ድንጋይ ላይ ምን አስቆማችሁ? ለዮሌና ወርቃ ወንዞች በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች መካከል አልፈው ቦርከናን ይቀላቀላሉ። ክሮሚየሙን ለኩ! ለሕዝብ የሚጠቅመው ያ ነው። ከክሮሚየም ጋር ቀለም የሚሰጠው ዳይፌኒልካርባዛይድ ቀለሙን በ540 ናኖ ሜትር ያሳያል፤ የሚታይ ብርሃን ስፔክትሮፎቶሜትር ይበቃል።

የቦርከና መምህር (ሰኔ 6)

ወንድሜ፣ ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ በእነዚያ ወንዞች ላይ የተመራማሪዎች ጽሑፍም ታትሟል። ግን ያሉት ዘዴ የሚያየው የክሮሚየምን ስድስተኛ የኦክሳይድ ደረጃ (ክሮሚየም ስድስትን) ብቻ ነው፤ ቆዳ ፋብሪካ የሚጠቀመው ደግሞ ሦስተኛውን ነው። ተማሪዬ «ክሮሚየም የለም» ብሎ ቢመለስ ወንዙ ንጹሕ ነው ማለት ነው? ባዶ ልኬት ያልሠራ ልጅ ይዤ ፋብሪካና ነዋሪ ፊት መቆም አልችልም። በቢጫ ጠርሙስ አንድ ጊዜ ተሸውጃለሁ፤ ያ ጨው ስለ ነበር ማንም አልተጎዳም። የክሮሚየም ዝቃጫችንን የምናፈስበትም ቦታ የለንም፤ በቧንቧው ለቀን ብንመራመር ያው ወደ ቦርከና ነው የሚወርደው።

ባቲ ሰኞ (ሰኔ 7)

መምህር፣ እኔ ሦስተኛ ዓመት የጨረስኩ ተማሪ ነኝ፤ ይህ ኮርስ የሚደርሰው ለእኛ ነው። እናቴ ባቲ ሰኞ ገበያ ጨው ትሸጣለች። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ አንዱ የኬሚስትሪ፣ ሌላው የቤተሰብ።

የኬሚስትሪው፦ ጨው በኩንታል ከረጢት ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ይቀመጣል። ክረምት ሲሆን እርጥበቱ ይወርድና የከረጢቱ ሥር ይረጥባል። ከላይ በማንኪያ የተነሣው ናሙናና ከሥር የተነሣው አንድ ይሆናሉ ወይ? ባለፈው ዓመት ተመራቂዎች እናቴ ዘንድ ሲመጡ ከላይ አንድ እፍኝ ወስደው ነው የሄዱት። ዋጋውንም አልከፈሉም።

የቤተሰቡ፦ «ባቲ ገበያ፣ ናሙና ቁጥር 4፣ አዮዲን የለውም» ተብሎ አዳራሽ ውስጥ ሲነበብ ቁጥር 4 ማን እንደ ሆነች እኔ አውቃለሁ፤ ጎረቤቶቻችንም ያውቃሉ። እሷ አዮዲን አትጨምርም፤ እንደ መጣላት ትሸጣለች።

ከኮምቦልቻ ጥራት ቁጥጥር (ሰኔ 7)

አብሽር ወንድሜ። የመጀመሪያው ጥያቄህ የአንድ ዓመት ደመወዜ ነው። በፋብሪካ የምንጣላው ብዙውን ጊዜ በልኬቱ ሳይሆን ናሙናው ከየት ተነሣ በሚለው ነው።

የቦርከና መምህር (ሰኔ 7)

ልጄ፣ ጥያቄህ የእኔን ዕቅድ ሁለት ሳምንት አስረዘመው፤ ተመስገን። ናሙና አነሣሥ የራሱ ሳምንት ይኖረዋል። ከከረጢቱ ላይ፣ መካከልና ሥር ይወሰዳል፤ ለየብቻም ይለካል፤ ልዩነት አለ ወይ የሚለው በራሱ የአንድ ቡድን ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የተቀላቀለው ይከመራል፣ በአራት ይከፈላል፣ ተቃራኒዎቹ ሁለቱ ይጣላሉ፣ የቀረው እንደገና ይከመራል። ሴት አያቶቻችን እህል ሲያካፍሉ የሚያደርጉትን ማለት ነው፤ እኛ ግን ስም አውጥተንለታል።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። እንዲህ ይሁን፤ የገበያው ስም አይጻፍም፤ ናሙናው የሚታወቀው ቴክኒሺያኑ ብቻ በሚይዘው ምልክት ነው። ጨው ይገዛል እንጂ በነጻ አይታፈስም። ውጤቱ መጀመሪያ ለሻጯ ይነገራታል፤ በቃል፣ በሱቋ፣ በሚገባት ቋንቋ። «ባዶ ነው» ብቻ ብሎ መመለስ የለም፤ ከረጢቱን ከመሬት ከፍ አድርጋ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ከልላ እንድታስቀምጥ ይነገራታል። የእናትህን ጨው ግን አንተ ራስህ አትለካም፤ ለሌላ ቡድን ይሰጣል።

ጭጋግ (ሰኔ 8)

ሁለት ቀን ዝም ብዬ አነበብኩ። ታይትሬሽኑን በተመለከተ ያልኩትን አንሥቻለሁ። የጋሼ ቁልፍ ያዥን 71 ዲግሪ ካነበብኩ በኋላ የራሴን ተማሪዎች ሪፖርት አወጣሁ፤ ከአሥራ አንዱ አሥሩ 78 ይላል። አንዱ 78.37 ብሎ ጽፏል። ቴርሞሜትራችን የሚያነበው ሙሉ ዲግሪ ነው!

ስለ መውጫ ፈተናው ግን ሐሳብ አለኝ። ኮርሱን በመጨረሻው ሴሚስተር አታስቀምጡት። ከፍላችሁ በሁለቱም ላይ አድርጉት። ጥያቄው፣ ዘዴው፣ የታሸገው ናሙናና የገበያው ልኬት በመጀመሪያው ሴሚስተር ይለቅ። ለሁለተኛው የሚቀረው ሪፖርቱን እንደገና መጻፍና ገለጻው ብቻ ይሁን፤ ከመጋቢት አይለፍ። ሚያዝያና ግንቦት ለፈተናው ይተዉ። ክሬዲቱን ለሁለት መክፈል የሬጅስትራር ጣጣ አለው፤ እሱን እኔ አግዛለሁ፤ ደብዳቤ መጻፍ እችልበታለሁ።

የማልስማማበት ግን አለ። ከዚህ በፊት በስብሰባ ያነሡት ሐሳብ ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ በፈታኞች ፊት አንድ ታይትሬሽን እንዲሠራ። እጁ ይንቀጠቀጣል መምህር። ፈተናው የኬሚስትሪ ሳይሆን የነርቭ ይሆናል።

የቦርከና መምህር (ሰኔ 8)

በሁለት ሴሚስተር መከፈሉን ተቀብያለሁ፤ እንዲያውም ረቂቁን ዛሬ አስተካከልኩ። ለደብዳቤውም እጅ እነሣለሁ።

በታይትሬሽኑ ግን አልሸነፍም። ከአምስት ሰው ቡድን ሁለቱ ሠርተው አምስቱ የሚመረቁበትን ዘመን ያበቃው ዘንድ ሌላ መንገድ አላገኘሁም። የሚንቀጠቀጥ እጅ ሦስት ጊዜ ይድገም፤ ሦስቱንም ይጻፍ። የምመዝነው የመጨረሻዋን ጠብታ አይደለም፤ ስታልፍበት ምን እንደሚጽፍ ነው።

ጭጋግ (ሰኔ 8)

እሱን በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ እንከራከርበታለን።

ቁልፍ ያዥ (ሰኔ 9)

ስብሰባው እስኪደርስ እኔ ዕቃ ልቁጠር። ቡሬት ዘጠኝ አለ፤ ሁለቱ ያንጠባጥባሉ። አዮዴት ለእሽጎቹና ለማረጋገጫ ይበቃል። ስታርች ከቤት ይመጣል። የተጣራ ውሃ መብራት ባለበት ሌሊት አጠራቅማለሁ። አዮዳይዱ ይገዛል፤ ለቡናማ ጠርሙስ የመድኃኒት ቤት ባዶ ጠርሙስ ለምኛለሁ። የጎደለው ታዮሰልፌት ነው፤ መጋዘን ያለው ግማሽ ኪሎ ሳይሞላ ረግቶ ደርቋል፤ ግዥው እስኪመጣ መስከረም ያልፋል።

ሩቅ ሀገር (ሰኔ 9)

ጋሼ፣ የድሮ ፎቶ ቤት ይጠይቁ። ፊልም በሚታጠብበት ዘመን «ሃይፖ» የሚሉት ማጽኛ ያው ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው። ንጽሕናው አይታወቅም፤ ግን ልጆቹ በአዮዴት መጠኑን ማረጋገጥ አለባቸው አይደል?

ቁልፍ ያዥ (ሰኔ 9)

ፒያሳ አንድ የማውቃቸው ፎቶ አንሺ አሉ፤ ጨለማ ክፍላቸውን እስካሁን አላፈረሱም። ነገ ጠዋት እወርዳለሁ። ጠርሙሱ ላይ ቀኑን እጽፍበታለሁ።